በእጅ በሚያዝ ራዲዮና በድምፅ መቅጃ ካሴት ገበሬን ስለ ማስተማር

በሐዋሳ ዙሪያ የሚኖር የእንሰት ገበሬ ስለ ተክሉ በሽታ በራዲዮ የሚነገረውን ምክር ለመስማት ቢፈልግ፥ ነገሩ የሚነገርበትን ሰዓት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ሰዓቱ ሲደርስ ግን እርሱ በእርሻው ላይ ነው፤ ባለቤቱም እንሰት ስትፍቅ ወይም ገበያ ወርዳ ትገኛለች። ራዲዮም አንድ ጊዜ የተናገረውን መልሶ አይናገርም፥ የሚጠይቀውንም ሰው አይሰማም። ስለዚህ ግማሹን የሰማ ጎረቤት ሌላውን በግምት ሞልቶ ያወራዋል፤ ምክሩም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መልኩን ይለውጣል።

ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው የታመመውን እንሰት የቈረጠ ቢላዋ ነው። ስለዚህ የግብርና ሊቃውንት የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ እንዲቀበር፥ ቢላዋውም በእሳት እንዲለበለብ ወይም በበረኪና እንዲታጠብ ይመክራሉ። ከዚህ ምክር ውስጥ እሳቱና በረኪናው በወሬ መካከል ቢጠፉ፥ «ቢላዋውን እጠቡ» የሚለው ብቻ ይቀርና ሰው በውሃ አለቅልቆት ወደ ደኅናው እንሰት ይሄዳል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ ቦታውና እንደ ዘሩ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ እንግዲህ በአንዲት ቃል መጥፋት ምክንያት የሚጠፋው ሲዳማ ዋሳ የሚለው የብዙ ዓመት ምግብ ነው። የበሽታው ተሐዋሲ በኢትዮጵያ በሳይንስ መንገድ ተመርምሮ የተገለጸው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1968 ሲሆን፥ መርማሪዎቹም ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ነበሩ። በዚሁ አቆጣጠር በ2001 ደግሞ ይኸው በሽታ በዩጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኝቷል።

ራዲዮና ድምፅ መቅጃ ባንድነት የተሠሩበት፥ በገበያ «ቴፕ» የሚባለው መሣሪያ ለወረዳ የግብርና ሠራተኛ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። በራዲዮ የተነገረውን ቃል ሳይለወጥ ይዞ ያቈየዋል፤ ገበሬው በሚመቸው ሰዓትም ደጋግሞ ያሰማል። ከዚህም የሚበልጠው ሁለተኛው ጥቅሙ የገበሬውን ጥያቄ በገዛ ድምፁ ተቀብሎ ወደ ሊቃውንቱ ማድረሱ ነው። ብዙዎች መሣሪያውን ለመጀመሪያው ጥቅም ብቻ ይዘው ሁለተኛውን ይረሱታል።

በመጀመሪያ ስለ ራዲዮው። መካከለኛ ሞገድ የሚቀበለው አንቴና በሣጥኑ ውስጥ የተጋደመ ጥቁር ዘንግ ስለ ሆነ፥ ድምፁ ሲደክም መዞር የሚገባው መሣሪያው ራሱ ነው እንጂ ከውጭ የሚመዘዘውን ብረት ማንቀሳቀስ አይረዳም። የሚመዘዘው ብረት የሚያገለግለው ለአጭር ሞገድና ለኤፍ ኤም ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ተራራ ይጋርደዋል፤ ከኰረብታ በስተ ጀርባ ያለ ቀበሌ የከተማውን ጣቢያ ሳይሰማ ቢቀር ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ሞገድ ስለሚደክም መሣሪያውን ወደ መስኮት ማቅረብ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር ማውጣት ይሻላል። መካከለኛ ሞገድ ሌሊት ከሩቅ አገር ስለሚመጣ ጣቢያ ከጣቢያ ይደባለቃል፤ ስለዚህ ትምህርት ለመቅዳት ከሌሊቱ ይልቅ ቀኑ ይመረጣል።

ስለ ባትሪ ድንጋይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፥ በገጠር የመሣሪያው ዋና ወጪ እርሱ ነውና። እያንዳንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል፤ ስድስት የሚጐርስ መሣሪያ በ9 ቮልት ይሠራል ማለት ነው። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማደባለቅ አዲሱን ቶሎ ይገድለዋል። መሣሪያው ለሳምንታት የማይሠራበት እንደ ሆነ ድንጋዮቹ ይውጡ፤ ካልወጡ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ አፈትልኮ የብረት ምላሶቹን ይበላል። ራዲዮ ማድመጥ ብዙ ኃይል አይወስድም፤ ኃይል የሚበላው ካሴቱን የሚያዞረው ሞተር ነው። ስለዚህ ክሩን ወደ ኋላ ለመመለስ እርሳስ በካሴቱ ቀዳዳ አስገብቶ በእጅ ማዞር ትልቅ ቊጠባ ነው፤ ተማሪዎች ይህን ከሹማምንት ይልቅ ያውቁታል።

በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ድምፅ ሌላ ጉዳት አለበት። ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ስለሚቀዳ፥ በኋላ በአዲስ ድንጋይ ሲሰማ ተናጋሪው እንደ ሕፃን ድምፁ ቀጥኖና ተጣድፎ ይሰማል። ሰሚው ይስቃል፥ ምክሩም ከሣቁ ጋር ያልፋል። ስለዚህ አዲሱን ድንጋይ ለመቅጃ፥ ያገለገለውን ደግሞ ለማድመጫ ማድረግ ይገባል።

ስለ ካሴቱ ዋናው ነገር ማወቅና መፍራት የሚገባ አንድ ቁልፍ መኖሩ ነው። ቀዩ የመቅጃ ቁልፍ ከማሰሚያው ጋር ሲጫን፥ አዲሱን ድምፅ ከመጻፉ አስቀድሞ በክሩ ላይ ያለውን አሮጌ ድምፅ ይደመስሳል፤ የተደመሰሰውም አይመለስም። ከዚህ ጥፋት የሚያድኑ ሁለት ትናንሽ የላስቲክ ጥርሶች በካሴቱ ጀርባ አሉ። ክሩ የሚታይበትን ወገን ወደ ታች አድርገው ሲያዩት በስተ ግራ ያለው ጥርስ ወደ ሰውየው ፊት የዞረውን ገጽ ይጠብቃል። ያ ጥርስ ከተሰበረ ቀዩ ቁልፍ አይጫንም። ሊጠበቅ የሚገባው ትምህርት ተቀድቶ ባበቃበት ሰዓት፥ ወደ ቢሮ እስኪመለሱ ሳይቈዩ፥ ጥርሱን መስበር ነው። ካሴቱን ዳግመኛ ለመቅጃ የሚፈልገው ሰው ቀዳዳውን በሚለጠፍ ወረቀት ቢሸፍነው ይበቃል።

60 ደቂቃ የሚይዘው ካሴት 90 ከሚይዘው ይመረጣል፥ የ90ው ክር ቀጭን ስለ ሆነ ይወሳሰባልና። ክሩ በየሰከንዱ 4.76 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ፥ የግማሽ ሰዓት ንግግር 86 ሜትር ያህል ክር ላይ ይጻፋል። የክሩ መጀመሪያ ግን ድምፅ የማይዝ ባዶ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ እስከ 10 ቈጥሮ መናገር ይገባል። ይህን ያልጠበቀ ሰው የንግግሩን ራስ ያጣል። ድምፅ ሰብሳቢው ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ መሣሪያው በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ቢቀመጥ የሞተሩ ጒርምርምታ አይገባም። ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ድምፅ ሰብሳቢውን በስስ ጨርቅ መጠቅለል ይበቃል።

ማስተማሪያው እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው። ከ15 የማይበልጡ ሰዎች ተሰብስበው የተቀዳውን መጀመሪያ ሳይቋረጥ ይስሙት። ከዚያ ሠራተኛው የራሱን ቃል ሳይጨምር «ምን ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተሳሳተውም አይዘለፍ፥ የሳተበት ቦታ ተፈልጎ ቃሉ ዳግመኛ ይሰማ። ሦስተኛው ጊዜ በእንሰቱ መካከል ቆመው፥ ቢላዋና እሳት ይዘው፥ ካሴቱን እያቆሙ የተባለውን በእጃቸው ይሥሩት። በሲዳማ እንሰትን የመፋቅና የማዘጋጀት ሥራ የሴቶች ስለ ሆነ፥ ስለ ቢላዋው የሚነገረው ትምህርት እነርሱ በሌሉበት ጉባኤ ቢሰማ ከንቱ ድካም ነው። ቋንቋውም የሚሰሙት ሰዎች ቋንቋ ይሁን። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው፥ ሲዳምኛም ከነዚያ አንዱ የሆነው፥ ሰው በማያውቀው ቋንቋ የተማረው ስለማይጸናለት ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሠራተኛ የምክሩን ቃል ከዚያው አገር በሆነ አስተዋይ ገበሬ አፍ ያስቀዳ።

ትምህርቱ ሲያልቅ የጥያቄ ጊዜ ይሆናል፤ ጥያቄውም ይቀዳ። በዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ሹም በእጁ መሣሪያ ይዞ ሲቀርበው፥ ገበሬ የሚያስበውን ትቶ ሹሙን ደስ የሚያሰኘውን ይናገራል። መሣሪያውን በጋቢ ሸሽጎ መቅዳት ደግሞ የሰውን እምነት መስረቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከታወቀ በዚያ ቀበሌ ዳግመኛ እውነት የሚናገር አይገኝም። የሚሻለው መሣሪያውን በግልጽ አስቀምጦ፥ ድምፁ የት እንደሚሄድ ነግሮ፥ ፈቃዱን ጠይቆ መቅዳት ነው። ወዲያው የገዛ ድምፁን ማሰማትም ይገባል። ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለቱ አይቀርም፥ ሲናገር በራሱ አጥንት በኩል የሚሰማውን መሣሪያው አይሰማምና። ከሰማው በኋላ ይጥፋልኝ ቢል በፊቱ ይደምሰስለት። የተቀዳው ጥያቄ ወደ ሐዋሳ ለሊቃውንቱ ደርሶ መልሱ በዚያው ካሴት ሁለተኛ ገጽ ተቀድቶ ሲመለስ፥ የጠየቀው ሰው ባለበት ይሰማ። መልሱ ካልመጣ እንዳልመጣ ይነገር። ጥያቄው ተወስዶ ወሬው የጠፋበት ቀበሌ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ይህ አሠራር ከየትም ያልታየ አዲስ ነገር አይደለም። ካሴት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1963 በበርሊን የራዲዮ ትርኢት ላይ በፊሊፕስ ኩባንያ ተገለጠ፤ የሥራው መሪ ሎው ኦተንስ የሚባል ሆላንዳዊ መሐንዲስ ነበር። በአዲስ አበባ ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. የቆየው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ፕሮግራሙን ሁሉ በከተማው ውስጥ አልሠራም፤ በሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ያሉ ክፍሎች በየቋንቋቸው ቀድተው ክሩን ይልኩ ነበር፥ ጣቢያውም መልሶ ወደየአገራቸው ያሰራጨው ነበር። በታንዛኒያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 ስለ ጤና በተደረገው የራዲዮ ዘመቻ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየመንደሩ በቡድን ተቀምጠው እየሰሙ ተወያይተዋል። ጆርጅ አትኪንስ የሚባለው የካናዳ የእርሻ ጋዜጠኛ ደግሞ በ1975 በዛምቢያ ከታዳጊ አገሮች ራዲዮኞች ጋር ሲነጋገር፥ ስለ ትራክተር ሞተር ካንዴላ ትምህርት እንደሚሰጡ ሰማ፤ አድማጮቻቸው ግን በአብዛኛው ትራክተር የሌላቸው፥ በበሬና በዶማ የሚያርሱ ነበሩ። ከዚህ ተነሥቶ በ1979 ለገበሬ የሚሆን የራዲዮ ጽሑፍ የሚያካፍል ማኅበር አቋቋመ። የገበሬውን ጥያቄ ሳይሰሙ የሚናገሩ ሰዎች ስለ ካንዴላ መናገራቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

በእያንዳንዱ ካሴት መጀመሪያ ላይ ቀኑ፥ ዓመቱ፥ ቀበሌውና የነገሩ ርእስ በድምፅ ይነገር፤ በላዩም በጽሑፍ ይለጠፍ። ካሴት አያረጅም መስሎ ይሰማል፥ ምክሩ ግን ያረጃል። አስቀድሞ በብዙ አገር ለሰብል ይረጭ የነበረው ዲ ዲ ቲ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2004 በጸናው የስቶክሆልም ስምምነት ለእርሻ እንዳይውል ተከልክሎ፥ ወባን ለመሰለ በሽታ አስተላላፊ ተባይ መከላከያ ብቻ ተፈቅዷል። ቀን ያልተጻፈበት አሮጌ ካሴት ከመደርደሪያ ተነሥቶ ቢሰማ፥ የተከለከለውን መድኃኒት እንደ ዛሬ ትእዛዝ አድርጎ ያውጃል፤ ገበሬውም የመንግሥት ቃል ነውና ይታዘዛል።

ዛሬ ካሴት ከገበያ እየጠፋ ነው፤ በእጅ ስልክና በሚሞሪ ካርድ የሚሠሩ ትናንሽ ራዲዮኖች ቦታውን ወስደዋል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው 8028 የተባለው የስልክ መስመርም ገበሬው በፈለገው ሰዓት ደውሎ የተቀዳ የእርሻ ምክር እንዲሰማ የተሠራ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ፈቃድ፥ ስለ ቀን መጻፍና ስለ መልስ የተነገረው ሁሉ ግን በስልክ ለሚቀዳውም ይሠራል።

ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሮጌ ካሴት ያለው ሹም፥ የሽማግሌዎችና የቀድሞ ገበሬዎች ድምፅ በውስጡ ሊኖር ስለሚችል፥ ሳይመረምር አይጣለው። አስቀድሞ ጥርሶቹን ይስበር። የማሰሚያውን ራስ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረገው፤ ጥጡ ላይ የሚወጣው ቡናማ ትቢያ ከአሮጌ ክር የረገፈ ነው። ክሩ ተጣብቆ እንዳይበጠስ አንድ ጊዜ እስከ ጫፉ ሄዶ ይመለስ። ከዚያ ከማዳመጫው ቀዳዳ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ዲጂታል መቅጃ ይገናኝ። አቋራጭ መንገድ የለም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይወስዳል። አዲሱ ቅጂ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ፤ አሮጌውም ካሴት ከፀሐይ፥ በመኪና መስታወት ሥር ከሚፈጠር ሙቀትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ርቆ፥ በሣጥኑ ውስጥ ቆሞ ይቀመጥ።