መኪናው ተሠርቶ ይወጣል፤ የተጎዳችውስ?

የዚህ ወር ትምህርታችን ስለ መኪና አደጋና ስለ ኢንሹራንስ ክርክር ነው። "እኛ መኪና የለን፣ ምን አገባን?" የምትል ትኖር ይሆናል። ግን በማዳም መኪና ከአቡዳቢ አል ዐይን ስንት ጊዜ ተመላልሰናል? ልጆች ይዘን ከኋላ እንቀመጣለን። ባቃላ ስንላክ መንገድ እንሻገራለን። አደጋ ሲመጣ ባለመኪናውን ብቻ መርጦ አይመታም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. አንድ አደጋ፣ ሁለት ጥያቄ

ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። በአንድ አደጋ ሁለት የካሳ ጥያቄ አለ። አንዱ የመኪናው ነው፤ እሱ የባለመኪናው ጉዳይ ነው። ሌላው የሰው አካል ነው፤ የእሱ ባለቤት የተጎዳችው ራሷ ናት። ካፊሏም ማዳሟም አይደሉም።

ለምሳሌ አንዲት እህት በአሠሪዋ መኪና ወደ አል ዐይን ስትሄድ ሌላ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጫቸው እንበል። እጇ ተሰበረ። ባለመኪናው ሪፖርቱን ይዞ ኢንሹራንስ ሄደ፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ተሠራ፣ ቤተሰቡም "ጉዳዩ አለቀ" አለ። ያለቀው ግን የመኪናው ነው። የእሷ ገና አልተጀመረም።

2. መጀመሪያ ወረቀት

ሰው ከተጎዳ የሚደወለው 999 ፖሊስ ነው፤ አምቡላንስ 998 ነው። በአቡዳቢና በአል ዐይን ቀላል ግጭት የሚመዘግበው ሳኢድ የሚባለው ድርጅት ነው፤ እሱ ግን ሰው ላልተጎዳበት አደጋ ነው። ስለዚህ የሚያምሽ ነገር ካለ "ምንም አልሆንኩም" ብለሽ ዝም አትበዪ። በፖሊስ ሪፖርት ላይ ስምሽ በተጎጂነት ካልገባ፣ ኋላ ኢንሹራንሱ "ይቺ ሴትዮ መኪናው ውስጥ አልነበረችም" ቢል መልስ ታጫለሽ።

እነዚህን ያዢ፦
- የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥርና ቀን፤
- የገጫችሁን መኪና የታርጋ ቁጥርና የኢንሹራንሱን ስም፤
- የሆስፒታል ወረቀት ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፤
- የባጣቃሽን፣ የፓስፖርትሽንና የኮንትራትሽን ኮፒ።

ስልክ ሊጠፋ ስለሚችል ፎቶ አንስተሽ ለምታምኛት እህት ላኪላት።

3. ኢንሹራንሱ ለምን ይከራከራል?

በአገራችን "ሦስተኛ ወገን" የምንለው ኢንሹራንስ እዚህም ግዴታ ነው። በ2017 ሥራ ላይ በዋለው ወጥ የመኪና ኢንሹራንስ ውል መሠረት ጥፋተኛው መኪና ያለበት ኢንሹራንስ በሌላ ሰው አካል ላይ ለደረሰ ጉዳት ፍርድ ቤት የወሰነውን ይከፍላል፤ ለንብረት ደግሞ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም። ግን ኢንሹራንስ በቀላሉ አይከፍልም። ብዙ ጊዜ የሚነሡት ክርክሮች ሦስት ናቸው።

ሀ. "ጥፋቱ የኛ ደንበኛ አይደለም።" ጥፋቱን የሚወስነው ኢንሹራንሱ ሳይሆን የፖሊስ ምርመራ ነው፤ ሰው ከተጎዳበት ወደ ትራፊክ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤትም ይሄዳል። ሪፖርቱ ስህተት ከመሰለሽ ቅሬታሽን ለእነሱ ነው የምታቀርቢው፤ ቶሎ መሆን አለበት። በእግር ለምንሄድ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለ። በመጋቢት 2025 ሥራ ላይ በዋለው የትራፊክ ሕግ ካልተፈቀደ ቦታ መሻገር አደጋ ካስከተለ ከ5,000 እስከ 10,000 ድርሃም ቅጣትና እስራት ያመጣል። ካሳውንም ያሳንሳል። ትንሽ ዞር ብሎ በማቋረጫው መሻገር ይሻላል።

ለ. "ጉዳቱ ከዚህ አደጋ የመጣ አይደለም።" ለዚህ መልሱ የዚያኑ ቀን ሕክምና ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ሐኪም ጋ የሄደች ለማስረዳት ትቸገራለች። ቀበቶም ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ከ2017 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ እሰሩ።

ሐ. "የባለመኪናው ሠራተኛ ናት።" ጥፋተኛው የአሠሪሽ መኪና ከሆነና በሥራ ላይ ከነበርሽ ኢንሹራንሱ ይህን ሊያነሣ ይችላል። ያኔም በሩ ሁሉ አልተዘጋም፤ ተራ ቁጥር 5ን ተመልከቺ።

4. "አልከፍልም" ካለ ወዴት ይኬዳል?

አንደኛ፣ ለራሱ ለኢንሹራንሱ ቅሬታ በጽሑፍ ይቀርባል። በቃል የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም። የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን ያዢ።

ሁለተኛ፣ 30 ቀን ጠብቀሽ መልስ ካጣሽ ወይም መልሱ ካላረካሽ ወደ ሰነዳክ ትሄጃለሽ። ሰነዳክ በ2023 ሥራ የጀመረ፣ በባንክና በኢንሹራንስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያይ ነጻ አካል ነው። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በስልክ አፕሊኬሽንም ይቻላል። በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን አይቀበልም።

ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤት። ሕጉ ከፍርድ ቤት በፊት በሰነዳክ ማለፍን ያዛል። ስለዚህ "ጠበቃ እይዝልሻለሁ፣ ነገ ፍርድ ቤት ነው" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽን ደላላ ቆም ብለሽ ጠይቂው፦ "ሰነዳክ ቀርቧል ወይ?"

5. የአሠሪው ግዴታ

የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 በ2022 ወጥቷል። በዚህ ሕግ አሠሪ የሕክምና ወጪ ወይም የጤና ኢንሹራንስ አለበት፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም ካሳ አለ። የሕመም ፈቃድ በዓመት እስከ 30 ቀን ነው። በአቡዳቢ ኤምሬት፣ አል ዐይንን ጨምሮ፣ የጤና ኢንሹራንስ በ2005 ሕግ ቁጥር 23 ግዴታ ሆኗል። የሆስፒታል ዕዳ ከደመወዝሽ እንዲቆረጥ አትስማሚ። አለመግባባት ካለ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 600590000 ነው። እሱ መጀመሪያ ያስማማል፣ ካልሆነ እንደ ጉዳዩ ራሱ ይወስናል ወይም ወደ ፍርድ ቤት ይመራዋል፤ ሠራተኛዋ የዳኝነት አትከፍልም።

6. ተናዙል

እህቶቼ፣ ትልቁ ጉድጓድ ይህ ነው። ተናዙል ማለት "መብቴን ትቻለሁ" የሚል ወረቀት ነው። አንዳንዴ ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለሽ በዐረብኛ ተጽፎ "ለሕክምናው ነው፣ ፈርሚ" ይባላል። ያላነበብሽውን አትፈርሚ። ዐረብኛ መናገር ሌላ፣ ማንበብ ሌላ ነው። "አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ማለት ነውር አይደለም። ገንዘብ ከተባለም ስንት እንደሆነ፣ በማን ስም እንደሚከፈል፣ የመጨረሻ መሆን አለመሆኑን ጠይቂ።

ወደ አገር ብትመለሺም ጉዳዩ በውክልና ሊቀጥል ይችላል። ከመሄድሽ በፊት ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ፤ አቡዳቢ ያለውን ኤምባሲያችንንም ጠይቂ።

7. መንፈሳዊ አይደለም ወይ?

"ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ፣ ምን አከራከረኝ" የምንል አለን። ይቅርታ መልካም ነው፤ ሹፌሩን ከልብ ይቅር በሉት። ነገር ግን ጳውሎስ ሊገርፉት ሲያስሩት የሮም ዜግነቱን አንሥቶ ሕጉን ጠየቀ (ሐዋ. 22)። መብትን መጠየቅ ጥላቻ አይደለም። ደጉ ሳምራዊም (ሉቃ. 10) ለቆሰለው ሰው ከማዘን አልፎ ቁስሉን አሰረ፣ የማደሪያውን ሒሳብ ከፈለ። እኛም የተጎዳች እህት ስናይ "ጌታ ይርዳሽ" ብለን ብቻ አንለፍ። ወረቀቷን እንያዝላት፣ እንደውልላት፣ አብረናት እንሂድ።

ለውይይት፦
ሀ. ዛሬ አደጋ ቢደርስብሽ የባጣቃሽ ኮፒ በማን እጅ አለ?
ለ. በኅብረታችን ዐረብኛ ማንበብ የምትችል ማን ናት? ስሟን በክፍላችሁ መዝግቡ።
ሐ. አሁን ያልተጠየቀ ጉዳት ያለባት እህት አለች? ሳይዘገይ ለአስተባባሪዎች ንገሩ።

ጌታ በመንገዳችሁ ሁሉ ይጠብቃችሁ። አሜን።