የግድግዳው ጽሑፍ ባለቤት አለው

እንደሚታወቀው የግድግዳ ጋዜጣ አይሸጥም፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ቆሞ ያነበዋል። ከዚህ በመነሣት «ለሁሉ የተለጠፈ የሁሉ ነው፤ ወስዶ በመጽሔት ወይም በመጽሐፍ ማሳተም ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። እኛ ሠልጣኞች ነገ በየወረዳው ተመድበን የተማሪዎቻችንን ጽሑፍ የምንሰበስብ ስለሆንን፣ መልሱን ከአሁኑ ማወቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። በአዋጁ መሠረት አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና በወረቀት ላይ ከሰፈረ ጥበቃ አለው፤ መመዝገብም ሆነ መታተም አያስፈልገውም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። እንግዲህ በእስክሪብቶ ተጽፎ የተለጠፈ ግጥምም ባለቤት አለው ማለት ነው።

የደራሲው መብት ሁለት ዓይነት ነው፦

ሀ) የኢኮኖሚ መብት፦ ሥራው እንዲባዛ፣ እንዲተረጎም፣ እንዲሰራጭ የሚፈቅደው እሱ ነው።

ለ) የሞራል መብት፦ ደራሲነቱ እንዲታወቅለት፣ ከፈለገም በብዕር ስም እንዲወጣ፣ ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥበት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። እንበልና አንዲት ሠልጣኝ በቦረና ደጋ ገብሱን ውርጭ መትቶት ቤተሰቧ እንዴት እንደከረመ በብዕር ስም ጽፋ ለጠፈች። እዚህ የሚያነቡት ጓደኞቿና መምህራኖቿ ናቸው። አንዱ ገልብጦ በእውነተኛ ስሟ ቢያሳትመው ግን፣ መጽሐፉ መካነ ሰላም ገበያ ደርሶ አባቷ እጅ ይገባል። የቤቱ ችግር የአገር ወሬ ሆነ ማለት ነው! ስሟን አውጥቶ የራሱን ቢያስገባ ደግሞ ሌላ በደል ነው። ለጓደኞቿ ማስነበቧ ለማሳተም መፍቀዷ አይደለም።

«ይሄ እኮ የፈረንጅ ሕግ ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ የብራና መጻሕፍታችንን እናስታውስ። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስም የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል በብዙዎቹ ላይ ይገኛል። መገልበጥ የተመሰገነ ሥራ ነበር፤ ስም መፋቅ ግን ያስወግዝ ነበር። በወሎ የመንዙማ ባህልም እንደ ሼኽ ጦልሃ ቢን ጀዕፈር ያሉ ሊቃውንት ስማቸው ከግጥማቸው ጋር ይነሣል። የተለወጠው መሣሪያው ነው። ቁም ጸሐፊ አንዱን መጽሐፍ ለመገልበጥ ወራት ይፈጅበት ነበር፤ ማተሚያ ቤት ግን ባንድ ቀን ሺህ ቅጂ ያወጣል። ስለዚህ ስም ከመጥቀስ በላይ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነ።

ይህ ሲባል ሁሉ ነገር ተዘጋ ማለት አይደለም። አዋጁ ከታተመ ሥራ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሶ በልኩ መጥቀስን፣ መምህርም ለማስተማር የሚያስፈልገውን ያህል ማባዛትን ይፈቅዳል። ሐሳብና ፍሬ ነገርም ባለቤት የላቸውም፤ ስለ ውርጭ ማንም በራሱ ቃል መጻፍ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሰው ጽሑፍ ለማሳተም ስንነሣ እነዚህን መፈጸም እንዳለብን ነው፦

1. ባለቤቱን ፈልጎ የት እንደሚታተም፣ ይሸጥ እንደሆነም ነግሮ በጽሑፍ ማስፈቀድ።
2. በየትኛው ስም እንዲወጣ መጠየቅ።
3. የተደረገውን እርማት ከመታተሙ በፊት ማሳየት።
4. ጸሐፊው ልጅ ከሆነ ወላጁንም ማስፈቀድ።
5. ሲታተም አንድ ቅጂ ማድረስ።

ባለቤቱ ባይገኝስ? ጽሑፉ ይቅር፤ ሌላ ይፈለግ። ተማሪ ደብተሩን አምኖ የሚሰጠን የጻፈው የእሱ ሆኖ እንደሚቆይ ሲያውቅ ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ የመንደር ሽማግሌ በቃል የነገሩንን ተረት ብናሳትም ስማቸውን እንዴት እንጽፋለን? መልሳችሁን ጽፋችሁ ለጥፉልን፤ ያለ ፈቃዳችሁ ከዚህ ግድግዳ አይወጣም።