ጊታሩ ለምን ጮኸ?

የንብ ቀፎ ድምፅ እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እምምም ይላል። እኛ ዘማች ተማሪዎች አንድ ምሽት ይህንኑ ድምፅ ከጊታር ሰማን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርቱ መዝጊያ በዓል በወረዳው ከተማ ሙዚቃ ልናሰማ ተዘጋጅተን ነበር። ከኤሌክትሪክ ጊታራችን ውስጥ አንድ ዕቃ ተበላሸና በአዲስ ለወጥነው። ማጉያውን ስንከፍት ግን ጊታሩ ማንም ሳይነካው እምምም ይል ጀመር። ክራር የሚደረድሩ አንድ አባት አጠገባችን ነበሩ። ሳቅ አሉና፣ «ልጆቼ፣ የኔ ክራር ንብ ሰፍሮባት አያውቅም። የናንተዋን ምን ነካት?» አሉን። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን እነሆ።

የክራርን ድምፅ የሚያጎላው ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ የሚያጎላው ግን ኤሌክትሪክ ነው። ከብረት ክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ዕቃ አለ። ፒክአፕ ማግኔት አለው። በማግኔቱ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ማጉያው ይህን ተቀብሎ አጉልቶ ያሰማል። እኛ የለወጥነው ይህን ፒክአፕ ነው።

ታዲያ ሽቦው የሚለቅመው የክሩን ድምፅ ብቻ አይደለም። በአገራችን የመብራቱ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ሽቦው ይህንንም ይለቅማል። እምምታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከመሃላችን አንዱ፣ «የማጉያውን የመሬት ሽቦ ብንቆርጠው ዝም ይላል» አለ። አንዳንዴ እውነትም ዝም ይላል። ግን ይህ ሰው የሚገድል ስሕተት ነው። ማጉያው ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በመሬቱ ሽቦ በኩል ይሄዳል፤ ፊውዙም ይቃጠላል። የመሬቱ ሽቦ ከተቆረጠ ግን የኤሌክትሪኩ መንገድ የተጫዋቹ ገላ ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 3 ቀን 1972 ሌስ ሃርቪ የተባለ የስኮትላንድ ጊታር ተጫዋች፣ በዌልስ አገር በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ሳለ፣ ከመሬት ጋር በትክክል ያልተገናኘ ማይክሮፎን ነክቶ ሞተ። ስለዚህ የመሬቱን ሽቦ አልቆረጥንም። ጥፋቱን ከራሳችን ሥራ ፈለግን።

አንደኛ፣ የማጉያው የመሬት ሽቦ ደህና መሆኑን አረጋገጥን። ከዚያ ክሮቹን በእጃችን ያዝን። ጩኸቱ አልቀነሰም። ከጊታሩ ወደ ማጉያው የሚሄደውን ገመድ ጫፍ፣ ብረቱን ስንነካ ግን ቀነሰ። ይህ ክሮቹ ከመሬት ጋር አለመገናኘታቸውን ነገረን።

ሁለተኛ፣ ስፒናውን ከሶኬት ነቀልን። ጊታሩን የከፈትነው ከነቀልን በኋላ ነው። ክሮቹ ወደተቀመጡበት ብረት የምትሄድ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። አሮጌውን ፒክአፕ ስናወጣ ሳናውቀው በጥሰናት ኖሯል። በስታኞ አያያዝናት።

ሦስተኛ፣ የአዲሱን ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች መረመርን። ድምፅ የሚያመጣው ሽቦና የመሬቱ ሽቦ ቦታ ከተለዋወጡ ጩኸት ይበዛል። የኛዎቹ በቦታቸው ነበሩ።

አራተኛ፣ ስታኞው በደንብ መያዙን አየን። ደህና የያዘ ስታኞ ልሙጥ ነው። ሻካራና የተሰነጠቀ ከሆነ ሲነቃነቅ ይንጫጫል። እንዲህ ያለ አንድ አገኘንና እንደገና አሞቅነው።

ጊታሩን ገጥመን ስንከፍተው ጩኸቱ በጣም ቀነሰ። ጥቂት ቀረ። ይህ የቀረው የባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ጠባይ ነው። ከረጅሙ የሸምበቆ መብራት ራቅ ብለን ፊታችንን ስናዞር ይህም አነሰ።

ለዚህ ለቀረው መላ የፈለገ ሰው አለ። በ1955 እ.ኤ.አ. ሴት ላቨር የተባለ አሜሪካዊ፣ ጊብሰን በተባለው ፋብሪካ ሲሠራ፣ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ሠራ። የአንዱ ጥቅል አጠማጠምና ማግኔት የሌላው ተቃራኒ ነው። ሁለት በሬዎች ወዲያና ወዲህ እኩል ቢጎትቱ ሞፈሩ ንቅንቅ አይልም። እምምታውም በሁለቱ ጥቅሎች እንዲሁ ተጓትቶ ይጠፋል። የክሩ ድምፅ ግን በሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ ተደምሮ ይጎላል።

አባታችን በመጨረሻ፣ «ንቦቹ ሄዱ?» አሉ። «አብዛኞቹ ሄደዋል አባባ» አልናቸው። እሳቸውም ክራራቸውን አነሱና አብረን ተጫወትን።

ያች ምሽት ያስተማረችን ይህን ነው፦ አንድ ነገር ሲያስቸግር አፉን ለማዘጋት ብቻ አንቸኩል። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንፈልግ። ከአደጋ የሚጠብቀንን ሽቦ ግን ከቶ አንቁረጥ።

ጥያቄዎች
1. እምምታው ከየት ይመጣል?
2. የማጉያው የመሬት ሽቦ ጥቅሙ ምንድን ነው?
3. ጊታሩ ከመከፈቱ በፊት ምን ተደረገ? ለምን?