የጓሳችን ሰንሰለት

ዛሬ ሥርዓተ ምህዳር ምን እንደሆነ በመንዝ ጓሳችን ምሳሌ አስረዳችኋለሁ።

ሥርዓተ ምህዳር ማለት በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ዕፅዋት፣ እንስሳትና ደቂቅ ፍጥረታት እርስ በርሳቸው፣ እንዲሁም ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከአየርና ከፀሐይ ጋር ያላቸው ትስስር ነው።

1. አምራች፦ የጓሳ ሣር በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ራሱ ይሠራል።
2. ተመጋቢ፦ አይጥና ጭላዳ ሣር ይበላሉ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ አይጡን ይበላል።
3. አብስባሽ፦ ባክቴሪያና ፈንገስ የሞተውን አበስብሰው ለአፈሩ ይመልሳሉ። ሣሩም መልሶ ይበቅልበታል።

እኔን የገረመኝ ቀበሮው ጭላዳዎቹን ብዙ ጊዜ አይነካም። በመሀላቸው ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ3 ሙከራ 2ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከ4 አንዱ ብቻ!

ታዲያ ሣሩን ያለጊዜው አጭደን ብንጨርሰውስ? አይጡ ምግብም መደበቂያም ያጣል፣ ቀበሮው ይራባል፣ እኛም ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር አናገኝም። ያልተከተበ ውሻ ደግሞ ቀበሮውን የእብድ ውሻ በሽታ ያስይዘዋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን ተማሪ እንኳ ያንሳል! ስለዚህ ውሾቻችንን እናስከትብ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።