ነዳጅ ተቀብሮበት በነበረ ስፍራ የከርሰ ምድር ውኃን ስለ መመርመር

የነዳጅ ማደያ ሲዘጋ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር፥ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ የነበረው የብረት ማጠራቀሚያ ተቈፍሮ ይወጣል፤ ጕድጓዱም በአፈር ይደፈናል። ከዚህ በኋላ ለብዙ ሰው ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ብረቱ ዝጎ ወይም ቧንቧው ተሰንጥቆ ነዳጁ ሲያንጠባጥብ የኖረ እንደ ሆነ፥ ዕቃው ቢወጣም መርዙ በምድር ውስጥ ይቀራል። በአቅራቢያው ሕዝብ ከጕድጓድ ውኃ የሚቀዳ፥ ገበሬም ከብቱንና አትክልቱን የሚያጠጣ ሲሆን፥ ዋናው ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። የፈሰሰው ቤንዚን ወይም ናፍጣ በአፈሩ ውስጥ ወደ ታች ሲሰርግ ከፊሉ በአፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ የቀረውም ከውኃ የቀለለ ስለ ሆነ ከከርሰ ምድር ውኃ ሲደርስ በላዩ ይንሳፈፋል። ከዚያም ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ውኃው ወደሚሄድበት ይሄዳል። ዝናብ ዘንቦ የውኃው ከፍታ ሲጨምር በአፈሩ ላይ የተጣበቀውን ያጥበዋል፤ በበጋ ሲወርድ ደግሞ ከነዳጁ የሚበዛው በደረቀው አፈር ተሰውሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ወራት ንጹሕ የተባለ ጕድጓድ በሌላው ወራት መርዝ ይገኝበታል።

በቤንዚን ውስጥ ካሉት መርዞች እጅግ የሚያስፈራው ኬሚስቶች ቤንዞል የሚሉት ነው፤ ለረጅም ዘመን የጠጣውን ሰው የደም ካንሰር ሊያመጣበት ይችላልና። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ማይክሮ ግራም ማለት አንድ ግራም ለሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። እንግዲህ ቢሰላ፥ 1 ግራም ቤንዞል 100,000 ሊትር ውኃን እስከዚህ ልክ ለማድረስ ይበቃል። የሰው አፍንጫና ምላስ ግን መጠኑ ከዚህ ብዙ እጥፍ ካልሆነ ለይተው አያውቁትም። ስለዚህ «ሽታ የለውም፥ ጣዕሙም ደኅና ነው» የሚል ምስክርነት አያስተማምንም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በዚህም ነገር እውነት ነው።

ለምርመራው መጀመሪያ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ቢያንስ ሦስት የመመርመሪያ ጕድጓዶች ይቈፈራሉ። የእያንዳንዱ አፍ ከፍታ በቀያሽ ይለካል፤ ከአፉ እስከ ውኃው ያለው ጥልቀት ከዚያ ሲቀነስ የውኃው ከፍታ ይታወቃል። ውኃውም ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። አንዱ ጕድጓድ ማጠራቀሚያው ከነበረበት በላይ በኩል፥ ሌሎቹ በታች በኩል ሕዝቡ ወደሚቀዳበት አቅጣጫ ይሆናሉ። የላይኛው ንጹሕ፥ የታችኛው የተበከለ ሆኖ ሲገኝ መርዙ ከዚያ ስፍራ እንደ መጣ ያስረዳል።

ናሙና ሲቀዳ በጕድጓዱ ቆሞ የሰነበተው ውኃ አስቀድሞ ይወጣል፤ እርሱም በሜዳ ሳይደፋ በዕቃ ይጠራቀማል። ቤንዞል በቶሎ የሚተን ስለ ሆነ፥ ናሙናው አየር እንዳይቀርበት በመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልቶ በጥብቅ ይከደናል፤ በበረዶም ቀዝቅዞ ሳይዘገይ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ቀጂው ነዳጅ በነካ እጅ እንዳይሠራና ከንጹሑ ጕድጓድ ጀምሮ ወደ ተበከለው እንዲሄድ ይገባል። እሳትና ሲጋራ ወደ ጕድጓዱ አፍ ፈጽሞ አይቀርብም። ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የጕድጓዱ ቍጥርና የውኃው ጥልቀት በመዝገብ ይጻፋል።

የነገሩ ክብደት በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርንያ ባሕር ዳር ባለችው በሳንታ ሞኒካ ከተማ ታይቷል። ኤም ቲ ቢ ኢ የተባለ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል የነበረ ቅመም ከተቀበሩ ማጠራቀሚያዎችና ቧንቧዎች አምልጦ ከከተማይቱ ጕድጓዶች ደረሰ። ይህ ቅመም በአፈር ላይ ስለማይጣበቅ ከውኃው ጋር ፈጥኖ የሚሄድ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ጕድጓዶቹ ተዘጉ፤ ከተማይቱም ከውኃዋ እኩሌታ ያህሉን አጥታ ከሌላ ስፍራ ለመግዛት ተገደደች። ማጣሪያ ተሠርቶ ዋናዎቹ ጕድጓዶች ወደ አገልግሎት የተመለሱት በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ባለጸጋ ከተማ በ14 ዓመት ያቃናችውን ነገር፥ ከአንድ ጕድጓድ በቀር ሌላ የሌለው መንደር እንዴት ሊያቃናው ይችላል?

እንግዲህ የየወረዳው ሹም «ስፍራው ንጹሕ ነው» ብሎ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት አንድ መልካም ውጤት ብቻ አይቶ አይቸኩል። ምርመራው በዓመት አራት ጊዜ ቢሆን መልካም ነው፤ ይህ ባይቻል በክረምት መጨረሻና በበጋ መጨረሻ ለተከታታይ ዓመታት ይደረግ። በአፈር ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ነዳጅን እየበሉ ያጠፉታል፤ ዳሩ ግን ማጥፋታቸው የሚታወቀው በየጕድጓዱ መጠኑ እየወረደ መሄዱን መዝገቡ ሲያሳይ ነው። መርዝ የተገኘ እንደ ሆነ ጕድጓዱ ወዲያው ይዘጋ፤ ለሕዝቡም ሌላ ውኃ ይሰጥ። ሲፈላ መርዙ ተንኖ በቤቱ አየር ስለሚገባ «አፍልታችሁ ጠጡ» ማለት መድኀኒት አይሆንም። ውኃ የምትቀዳው እናት የምርመራውን መዝገብ አታይም፤ ስለ እርሷ ሆኖ የሚያየው ሹሙ ነው።