ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የተዛወረ ሃርድ ዲስክ አልነሣ ሲል

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ በሴቻ በተማሪው ዘንድ የሚሰማ አንድ ጭንቀት አለ። ይኸውም ላፕቶፕ ይሞትና ባለቤቱ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በጓደኛው ማሽን ወይም ከሱቅ በገዛው አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ይከተዋል። ማሽኑም የሚነሣበት ዲስክ አላገኘሁም ብሎ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ግን የዓመታት ድካም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው ዋና ነገር፣ ተዛውሮ አልነሣ ያለ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ዲስክ አለመሆኑን ነው። ዲስኩና አዲሱ ማሽን ገና አልተግባቡም፤ የሚያስፈልገውም መደምሰስ ሳይሆን ማግባባት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሣ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን መጀመሪያ የሚሠራው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ አይደለም፤ በማዘርቦርዱ ላይ የሚኖር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህም በአሮጌዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። የሁለቱም ተግባር ማሽኑን መርምሮ ሥራውን ለዊንዶውስ ማስረከብ ሲሆን፣ የርክክቡ መንገድ ግን ይለያያል።

ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ በዚያ ያገኘውን ትእዛዝ ይፈጽማል። ከ512ቱ ባይት ውስጥ 446ቱ ለማስነሻው ትእዛዝ፣ 64ቱ የዲስኩን አከፋፈል ለሚያሳየው ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2ቱ ለማረጋገጫ ምልክት የተመደቡ ናቸው። ይህ ሥርዓት ኤምቢአር ይባላል፤ የመጣውም እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ዩኢኤፍአይ ግን በዲስኩ ላይ ለብቻው ከተከለለ ትንሽ ክፍል ውስጥ የማስነሻ ፋይል ይከፍታል። ከዚህ ጋር የሚሄደው የዲስክ አከፋፈል ጂፒቲ ይባላል። የማስነሻው ፋይል የት እንዳለም በማዘርቦርዱ ማስታወሻ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

እንግዲህ የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ ሲዛወር በላዩ የተጻፈው ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ የተመዘገበው ግን እዚያው ይቀራል። የግቢ ዘበኛ ስሙ በመዝገብ የሌለውን እንግዳ ከበር እንደሚያቆመው ሁሉ፣ አዲሱም ማሽን ዲስኩን አያውቀውምና ያቆመዋል። እንግዳው ግን ጤነኛ ነው፤ ሻንጣውም አልጎደለም።

ከማናቸውም ጥገና በፊት ንብረትን ማዳን ይቀድማል። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ ማዘጋጀት፣ ማሽኑንም በዚያው ፍላሽ ማስነሣትና ዲስኩ ላይ ሳይጭኑ ለመሞከር የሚለውን መምረጥ ነው። ዲስኩ ተከፍቶ ፋይሎቹ ከታዩ ጽሑፉን ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ይገባል። ዲስኩን በኬብል ከሌላ ዊንዶውስ ጋር ያገናኘም «ፎርማት ላድርገው?» ተብሎ ቢጠየቅ እሺ አይበል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ሕመሙ የአካል ነውና ደጋግሞ ማስነሣቱ ጉዳቱን ያብሳል።

ንብረቱ ከዳነ በኋላ ምርመራው በቅደም ተከተል ይካሄዳል።

አንደኛ፣ ማሽኑ ዲስኩን ያየዋልን? ማሽኑ እንደ በራ ኤፍ2 ወይም ዲሊት የተባለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ወደ ባዮሱ መግባት ይቻላል፤ ቁልፉ እንደ ማሽኑ ሥሪት ይለያያል። የዲስኩ ስም በዚያ ካልታየ ጉዳዩ የኬብል ሊሆን ይችላል። የሳታ ዲስክ ሁለት መሰኪያ አለው፤ ባለ 7 እግሩ ለመረጃ፣ ባለ 15 እግሩ ለኤሌክትሪክ ነው። የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ሳታ ዲስኮች መጠናቸው ቢለያይም መሰኪያቸው አንድ ነው። በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ሰዓቱና ቀኑ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚዛባ ከሆነ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች። እርስዋ ካልተለወጠች የሚስተካከለው ሁሉ ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዲስኩ ይታያል፣ ነገር ግን አይነሣም። በዚህ ጊዜ ዲስኩ በየትኛው ሥርዓት እንደ ተዘጋጀ መጠየቅ ነው። በኤምቢአር የተዘጋጀ ከሆነ በባዮሱ ውስጥ ሌጋሲ የሚለውን፣ በጂፒቲ ከሆነ ዩኢኤፍአይ የሚለውን መምረጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። አዲሱ ማሽን ሌጋሲ የሚባል ከሌለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ የተባለ መሣሪያ ፋይሎቹን ሳይደመስስ አከፋፈሉን ይለውጣል። ሥርዓቱ ትክክል ሆኖ የጎደለው የመዝገቡ ስም ብቻ ከሆነ፣ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሥቶ ጥገና ወደሚለው መግባትና ቢሲዲቡት በተባለው ትእዛዝ የማስነሻውን ፋይልና ምዝገባውን እንደ ገና መጻፍ ይቻላል። በሊኑክስ ለሆነ ዲስክ ደግሞ ግራብ የተባለውን ማስነሻ ከኡቡንቱው ፍላሽ ላይ እንደ ገና መትከል ነው።

ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ መነሣት ይጀምርና በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል፤ «ኢንአክሴሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። ዊንዶውስ ሥራውን ተረክቧል፤ ነገር ግን ዲስኩን የሚያነብበት ድራይቨር አልተስማማውም። ይህም የሚሆነው ብዙ ጊዜ አሮጌው ማሽን በኤኤችሲአይ፣ አዲሱ ደግሞ በሬይድ ወይም በተቃራኒው ሲሠራ ነው። በባዮሱ ውስጥ የሳታውን አሠራር ቀድሞ ወደ ነበረበት መመለስ በብዙ ማሽን ላይ ይበቃል።

አራተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ማሽኑ ቢትሎከር ብሎ 48 አሐዝ ያለው ቁልፍ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ዲስኩ ተቆልፏል ማለት ነው። ይህ መቆለፊያ ያለ ሌላ ጥያቄ የሚከፈተው በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ ባለችው ቺፕ አማካይነት ነበር፤ እርስዋ ደግሞ ከዲስኩ ጋር አልመጣችም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጫን በብዙ ማሽኖች ላይ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይቆልፋልና፣ ዲስኩ መቆለፉን የማያውቅ ተማሪ ብዙ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው አካውንት ውስጥ ይገኛል። ካልተገኘ ግን ጥበበኛ የሚባል ባለሙያ እንኳ ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ ላፕቶፑ ገና በሕይወት ሳለ ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ማኖር ታላቅ ጥንቃቄ ነው።

ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ዊንዶውስ ፈቃዱን እንደ ገና ቢጠይቅ ማስደንገጥ የለበትም፤ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላልና። ፋይሎቹ ግን በቦታቸው ናቸው።

ፎርማት የሚያደርገውን ባለ ሱቅ ለመውቀስ አልተነሣንም። እርሱ የሚያየው አልነሣ ያለ ማሽን ነው፤ በውስጡ የማን ድካም እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ፋይሉ ይገልበጥልኝ» ብሎ መናገር የባለቤቱ ፈንታ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ከፎርማት በኋላ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።

ዩኒቨርሲቲያችን በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲቋቋም የተማሪው የመጀመሪያ ትምህርት ውሃው የት እንደ ቆመ ሳያዩ ቧንቧ አለመቁረጥ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። የዲስክም ነገር ከዚህ አይለይም። በየዶርሙ አንድ የኡቡንቱና አንድ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ቢኖር፣ ያወቀውም ላላወቀው ቢያሳይ፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ የአንድ ወንድም ወይም እኅት የመመረቂያ ጽሑፍ በከንቱ አይጠፋም። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥቂት ብርና አንድ ምሽት ነው፤ እንግዲህ ከዛሬ እንጀምር።