ሊማሊሞን ከመውረዳችሁ በፊት ፍሬኑን ፈትሹት

 

የዛሬው ትምህርት ስለ አሮጌ መኪና ነው። አትሳቁ። ከናንተ መካከል ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የቆየች ቮልስ የተረከበ አለ፤ የድሮ ላንድክሩዘር እያስጠገነ የሚነዳም አለ። ለሰርግ ወይም ለዚያራ ብሎ እናቱንና እህቶቹን አሳፍሮ፣ ከጎንደር በዳባት አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ ሊማሊሞን ይወርዳል። የተሳፋሪው ነፍስ በሹፌሩ እጅ ያለ አማና ነው። የግመሏን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ ገመዱ ፍሬን ነው።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣልያን በወረራው ዘመን በገደሉ ያስቀደደው መንገድ ከዚያ ወደ ዛሪማ ሲጠመዘዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ፣ በፍሬን ብቻ ከተያዘ፣ የሚፈጠረው ሙቀት 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በአራቱ ጎማዎች ታምቡርና ሸራ ላይ ነው።

ስለዚህ ደባርቅ ላይ፣ ሜዳ ቦታ ቁሙና ፔዳሉን ርገጡት። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰና ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከተሻለ፣ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። መጀመሪያ ጥልቅ ገብቶ በሁለተኛው ርግጫ ከፍና ጠንከር ካለ፣ ሸራው አልቋል ወይም ማስተካከያ ይፈልጋል። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠስ? ጎማዎቹ ውስጥና ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር ፈልጉ፤ ምንም ከሌለ የማስተሩ ጎማ ውስጡን እያሳለፈ ነው። ይሄኛውን በቸልታ የሚያልፍ ሰው አይገባኝም። በብዙ የድሮ መኪኖች ማስተሩ ለአራቱም ጎማ አንድ መስመር ብቻ ስላለው፣ እሱ ከከዳ ሁሉም ይከዳል።

መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ የአንዱ ጎማ ሸራ ዘይት ነክቶታል ወይም አንዱ ተጣብቋል። ለመለየት ዳባት ላይ ስታርፉ መዳፋችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጀው ጎማ አልለቅ ያለው ነው።

የፍሬን ማገዣ ላለው መኪና ደግሞ ሌላ ፍተሻ አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ማገዣው ይሠራል። ማገዣው ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚሠራ ሞተር ስለሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ ቤንዚን መቆጠብ እብደት ነው። በፎሌ መውረድም ያው ነው። ያን ዳገት በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል።

በመንገድ ላይ ፍሬን በሁለት መልክ ይደክማል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ግሏል። ፔዳሉ ወለል ከነካ ግን ፈሳሹ ፈልቷል። የፍሬን ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። መጠኑ ሙሉ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ደባርቅ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ስስ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበት ይጠፋል። ዛሪማ ስትደርሱ ከተሻለው ችግሩ የከፍታው ነበር። እዚያም ከደከመ ካንዴላውንና የሲሊንደሩን ግፊት አስመርምሩ። ሳይፈትሽ ዕቃ ግዛ የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቆላው ሙቀት ላይ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ መኪና አለ። እንደጠፋ ብልጭታውን እዩ፤ ከሌለ ቦቢናውን ጠርጥሩ፤ ካለ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተኖ ሊሆን ይችላል። ራዲያተር ላለው መኪና ክዳኑን አትናቁ፤ ደባርቅ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ግፊት ይዞ ከመፍላት የሚያዘገየው ክዳኑ ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም። የባትሪው ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ግን ወዲያው ቁሙ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

ከኋላ የተቀመጣችሁም፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ሹፌሩን እንዲያቆም ንገሩት፤ ታላቃችሁ ቢሆንም። በማርሽ ተይዞ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎ፣ ታምቡሩ በራሱ እስኪበርድ ይጠበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።